ጋጋሪዋን ማን ጋገራት?

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ባለፈው ወር ሰፈራችን ድንኳን ተጥሎ ማታ ማታ እየሄድን እናመሽ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ካርታው ሲሰለች ወሬው ወደ ፈጣሪ ዞረ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አሉ። የቀረበላቸውን እንጀራ ብድግ አደረጉና ይህ ራሱን አልጋገረም፣ ጋጋሪ አለው፣ ታዲያ ይቺ የምታህል ዓለም እንዴት ያለ ጋጋሪ ትሆናለች አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል። ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ እሺ ጋጋሪዋንስ ማን ጋገራት አለ። ድንኳኑ ጸጥ። ጋሼ እጃቸውን ታጠቡና ተነሱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ጉዳዩን የኢንተርኔት መወያያ መድረኩ ላይ ለጠፍኩት። ጥያቄዬ አንድ ነበር። የልጁ አባባል የጋሼን ክርክር በእርግጥ ያፈርሰዋል ወይ? እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሳለ ግማሹ ሰው ያንን እንደጠየቅኩ አድርጎ ነው የመለሰው። እስከ ዛሬ 52 መልስ ደርሷል። ጊዜ ለሌለው ሰው የተባባሉትን እኔ ላውራ፤ ሁሉንም ግን አይደለም፣ አንዳንዱ አይወራም።

1ኛው አሜን ብቻ ነው። ለየትኛው አሜን እንደሆነ አልገባኝም። 2ኛው ሮሜ 1፥20ን ጠቅሶ ነገሩ ያኔውኑ እንደተዘጋ ነግሮን ሄደ።

ቁም ነገሩ የጀመረው 3ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው ከደሴ ነው። ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ይሆናል፣ እርስዎ እያለ ነው የሚጽፍልኝ። የእህቴ ልጅ የመለሰው ማንም ላላነሳው ክርክር እንደሆነ አስረዳኝ። ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው የሚል ቁም ነገረኛ ተከራካሪ የለም። የሚባለው መኖር የጀመረ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ነው። ፈጣሪ ደግሞ ጅማሬ የለውም ስለሚባል፣ እሱን ማን ጋገረው ብሎ መጠየቅ ክርክሩን ካለመስማት የመጣ ነው። ይህን መልክ ይዞ የታወቀው በካላም፣ ማለትም በእስልምና ነገረ መለኮት፣ ሊቃውንት ዘንድ ነው፤ በተለይ በኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከቁርኣንም አጥ-ጡር ምዕራፍ 35ኛውን አንቀጽ አመለከተ፤ ሰዎች ያለ አንዳች ፈጣሪ ተፈጠሩን ወይስ ራሳቸው ፈጣሪዎች ናቸው ብሎ የሚጠይቀውን። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጨመረ። ከገዛሊ 500 ዓመት ግድም አስቀድሞ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል የእስክንድርያ ክርስቲያን ይህንኑ መንገድ ጠርጎት ነበር። ዓለም ዘላለማዊ ናት ያለውን አርስቶትልን የሞገተው እሱ ነው። የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበለው ወገን ስለነበር፣ ለኛ ለኦርቶዶክሶቹ ዘመድ ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ብዙም አልቆየም። 4ኛው መጥቶ ፊሎፖኖስ ስለ ሥላሴ ባስተማረው የተወገዘ ሰው መሆኑን አስታወሰና ዘመድነቱን ሰረዘው።

5ኛው ሴት ነች። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በምን ታወቀ ብላ ጠየቀች። ቀላል የሚመስል ግን ሁሉንም ያስቸገረ ጥያቄ ይሄ ነው።

ደሴው 6ኛው ላይ ተመልሶ የገዛሊን ምሳሌ አቀረበ። በዘመኑ ቆጠራ ፀሐይ ዙሯን በ1 ዓመት ትጨርሳለች፣ ጁፒተር በ12፣ ሳተርን በ30። ያለፈው ዘመን መጀመሪያ ከሌለው የሳተርን ዙሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም። የፀሐይም እንደዚያው። ግን የፀሐይ ከሳተርን 30 እጥፍ መሆን ነበረበት። እንዴት ነው 30 እጥፉ ከአንድ እጁ ጋር እኩል የሚሆነው? ደግሞስ የዙሮቹ ቁጥር ለሁለት ይካፈላል ወይስ ጎዶሎ ነው? ስለዚህ ያለፈው ዘመን የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ጋሼ ያሸነፉ መስሎኝ ስልኬን አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ አንድ የሒሳብ አስተማሪ 7ኛውን ጽፎ ጠበቀኝ። አስተማሪ መሆኑ ያስታውቃል፣ አንቀጾቹን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። አንደኛ፣ 1፣ 2፣ 3 እያልክ ቁጠር፤ ጎን ለጎን ደግሞ 30፣ 60፣ 90 እያልክ ጻፍ። እያንዳንዱ ከአንዱ ጋር ይጣመራል፣ የሚተርፍም የሚጎድልም የለም። ካንቶር የሚባለው ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሚገባ ያሳየው ነው። ይገርማል እንጂ እርስ በርሱ አይጋጭም። ጎዶሎ ነው ወይስ ይካፈላል የሚለው ደግሞ መጨረሻ ላለው ቁጥር ብቻ የሚሠራ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ ማለቂያ ከሌለው ትናንት ተነስቶ ዛሬ ላይ መድረስ አይቻልም የሚሉ ሰዎች ሳያውቁት እሩቅ ቦታ ላይ መነሻ ይተክላሉ። መጀመሪያ የለም ከተባለ መነሻም የለም። የፈለግከውን ያለፈ ቀን ምረጥ፣ ከዚያ እስከ ዛሬ ያለው ርቀት ይቆጠራል። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት አላገኘሁበትም። ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

8ኛው ከሆነ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሳይንስ ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት በታላቁ ፍንዳታ እንደጀመረች ስላረጋገጠ ክርክሩ አልቋል ይላል። 9ኛው ይህን እንዳየ የተናደደ የፊዚክስ ሰው ነው። ተሳድቧል፣ ግን ስድቡን ገፍተህ ካነበብከው ቁም ነገር አለው። ታላቁ ፍንዳታ የሚባለው ዓለም እጅግ ትኩስና እጅግ የታመቀ ሁኔታ ላይ እንደነበረችና ከዚያ ወዲህ እየሰፋች እንደመጣች ነው የሚነግረን። ፔንዚያስና ዊልሰን በ1964 ያገኙት ከየአቅጣጫው የሚመጣ ጨረር የዚያ ትኩሳት ቅሪት ነው። ከምንም ነገር ተነስታ መጣች ግን አይልም። ይህን ሐሳብ ካፈለቁት ዋነኛው ዦርዥ ለሜትር ደግሞ ፊዚክስ የሚያስተምር የካቶሊክ ቄስ ነበር። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላለውም፤ ሳይንሱንና እምነቱን ለየብቻ መያዝ ነበር የሚፈልገው። ለኔ ከውይይቱ ክር ሁሉ ደስ ያለኝ ሰው ይሄ ቄስ ነው። ስጦታ ይዘውለት መጥተው ይቅርብኝ ያለ።

10ኛው መልሶ የ2003ቱን የሦስት የፊዚክስ ሊቃውንት፣ የቦርድ፣ የጉትና የቪሌንኪን፣ ሥራ አነሳ። በአማካይ እየሰፋች የኖረች ዓለም ወደ ኋላ ያለ ገደብ ልትዘረጋ አትችልም የሚል የሒሳብ ማስረጃ ነው። 9ኛው ደግሞ ገደቡ የመስፋቱ ታሪክ ገደብ እንጂ የመኖር ገደብ መሆኑን ማንም አላረጋገጠም አለው። እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ሰደቡኝ።

ከ11 እስከ 17 ያለውን ዝለሉት። አንዱ መጥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ስትቆጥር 13.8 ቢሊዮን የሚባል ቁጥር ከየት መጣ አለ። ሌላው ባሕረ ሐሳብ ለበዓላት እንጂ ለከዋክብት ዕድሜ አልተሠራም አለው። መናፍቅ የሚል ቃል ወጣ። እርስዎ ይባባሉ የነበሩት አንተ መባባል ጀመሩ። አድሚኑ 15ኛውን ሰረዘ፤ አንብቤው ነበር፣ መሰረዙ ደግ ነው።

የሚያበርደው ከየት ይመጣል ስል 18ኛው መጣ። የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ነው። በኛ ዘንድ ሥነ ፍጥረት የሚጀምረው ከማስረጃ እንዳልሆነ በትህትና ገለጸ። ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት በስድስት ቀን እንዴት እንደተፈጠሩ ይተረካል፣ ዓለምም እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር እንደመጣች ይነገራል። ተማሪው ይህን የሚቀበለው አስቀድሞ ስለሚያምን ነው፤ የጋሼም እንጀራ የማሰቢያ ምሳሌ እንጂ ሙግት አልነበረም። ልጁ ምሳሌውን ሙግት አድርጎ ያዘባቸው። ይህ ልቤን ነካው። ለካ ሽማግሌውን ፍርድ ቤት ያቆምኳቸው እኔው ነኝ።

19ኛው ግን አልተስማማም። በግእዝም ሙግት አለ ብሎ ዘርዐ ያዕቆብን አመጣ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ ሆነው አገሩ ሲታመስ ዋሻ ገብቶ ተመራመረ የሚባለውን ፈላስፋ። ሐተታ በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ማን ፈጠረኝ ብሎ ይነሳል። አባትና እናቱ እንዳይል እነሱንም የወለዱ አሉ፣ የወለዷቸውንም የወለዱ፣ እያለ ወላጅ እስከሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ይደርሳል። እነሱስ ከየት መጡ? ማንም ሳይፈጥረው ያለ አንድ ፈጣሪ ግድ ነው፣ አለዚያ ነገሩ ማቆሚያ የለውም ይላል። እዚህ ላይም አይቆምም። እኛ ልብ ያለን፣ የምናስብ ፍጥረታት ስለሆንን የፈጠረንም አሳቢ መሆን አለበት ብሎ ይቀጥላል።

20ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ሐተታው የጣልያኑ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው፤ በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ለአንቷን ዳባዲ የላከው እሱ ነው፤ የኢትዮጵያን ጽሑፎች ያጠናው ጣልያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒም በ1920 ይህንኑ ጽፏል አለ። 21ኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ያስተማሩትን ካናዳዊ ክሎድ ሰምነርን ጠርቶ፣ እሳቸው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው እንደተሟገቱ አስታወሰ። 22 እና 23 ስለ ዘረኝነት ነው፣ የተጀመረውን ርቆ ሄደ። 24ኛው በአንድ መስመር ዘጋቸው። ክርክር የልደት ሰርተፊኬት አይጠየቅም፤ ጣልያንም ይጻፈው አክሱማዊ፣ ወይ ያስኬዳል ወይ አያስኬድም። እኔም በዚህ ነኝ፣ ምንም እንኳን ሐተታው የኛ ቢሆን ደስ ቢለኝም።

25ኛውን ሳይ ደነገጥኩ። የእህቴ ልጅ ነው! በሌላ ስም ነው የገባው፣ ግን ድንኳኑን ሲተርክ ለየሁት። እግዚአብሔር የለም እንዳላለ አስረግጦ ጻፈ። ያለው ይሄ ምክንያት ደካማ ነው ብቻ ነው። ጋሼ ተቀይመው መነሳታቸውም አሳዝኖታል። ቀጥሎ ግን አልማረም። በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስልና ኮፕልስተን የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ያደረጉትን ክርክር አነሳ። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ከዚህ ተነስቶ ግን የሰው ዘር በሙሉ አንድ እናት አለው ማለት አይቻልም። በዓለም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ቢኖረውም፣ ዓለም እንዳለች ምክንያት አላት ማለትም እንደዚያው ነው። ራስል ዓለም አለች፣ በቃ፣ ብሎ ነው የቆመው። 26ኛው የሰው ዘርማ ሔዋን የምትባል እናት አለችው ብሎ ሲመልስለት ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አጎትነቴን ረስቼ ላይክ አደረግኩ።

ከዚያ 28ኛው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ፊደል ይስታል፣ ሐሳቡ ግን እንደ ምላጭ ነው። ሁላችሁም ስለ ጥንት ስትጨቃጨቁ ዋናውን ስታችኋል አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆጣሪ ያልገባለት ቤት ከጎረቤት በኤክስቴንሽን መብራት ይስባል። ጎረቤቱን ብትጠይቀው እሱም ከቀጣዩ ቤት ነው የሳበው። ቀጣዩም እንደዚሁ። አሁን ሁሉም ቤት ተበዳሪ ከሆነ፣ ቤቶቹ አሥርም ይሁኑ ማለቂያ የሌላቸው፣ አንድም አምፖል አይበራም። የሆነ ቦታ ሳይበደር መብራት ያለው መኖር አለበት። ይህ ደግሞ ትናንት ማን ጀመረው የሚል ጥያቄ አይደለም፣ አሁን፣ እዚህ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ የሚጠየቅ ነው።

29ኛው ደሴው ነው፣ በደስታ ሊሰክር ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳያውቀው የተናገረው የሙስሊሙን ፈላስፋ የኢብን ሲናን (980–1037) ነገር እንደሆነ ጻፈ። ነገር ሁሉ መኖሩን ከሌላ የተበደረ ነው፤ መኖሩ የራሱ የሆነ አንድ ከሌለ ብድሩ አይጀመርም። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ መስመር ሄዷል። አኩዊናስ ደግሞ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት እንጂ በአእምሮ ማስረጃ አይታወቅም ባይ ነው። ይህን ሳነብ የ7ኛው አስተማሪ ሙግት ለምን ጉሮሮዬ ላይ እንደቀረ ገባኝ። አስተማሪው የመታው የጊዜውን ክርክር ነው። የብድሩን አልነካውም።

ግን ይሄም ያለ ሙግት አላለፈም። 30ኛው ሹል ሰው ነው፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። መብራት ምንጭ እንደሚፈልግ የምናውቀው መብራትን ስለምናውቅ ነው አለ። ሽቦ አይተናል፣ ቆጣሪ አይተናል። መኖር ግን በሽቦ እንደሚመጣ ማን አየ? የስኮትላንዱን ፈላስፋ የሂዩምን ነገር ጨመረ፤ የእያንዳንዱን ነገር ምክንያት ከነገርኩህ በኋላ የጠቅላላውን ደግሞ ለብቻ ንገረኝ ማለት ትርፍ ነው። 31ኛው በበኩሉ ቆጣሪው ይኑር እሺ አለ፣ ግን ቆጣሪ ጸሎት ይሰማል እንዴ? አንድ ነው ወይስ ብዙ? ያስባል? ለዚህ መልስ የሞከረ ሰው ካለ 19ኛው ላይ ያለው ዋሻ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም የሚያስብ ልጅ ያለው አሳቢ ነው ከማለት ብዙም እንዳልራቀ ጠቆመ። ይህ ለኔ ከሁሉም የከበደው ነው። ያልተመለሰውም እሱ ነው።

32ኛው የሌላ ክር መልስ ነው፣ ተሳስቶ የገባ፣ ስለ ፍሪጅ።

33ኛዋን ግን ሁላችሁም አንብቧት። እድሜዋ የገፋ ሴት ነች፣ ልጇ ነው የሚጽፍላት መሰለኝ። ሰርግና ለቅሶ ላይ እንጀራ ስትጋግር ነው የኖረችው። ሽማግሌውም ልጁም እንጀራ ስለማያውቁ ነው የተጣሉት አለች። የእንጀራ ጣጣ ጋጋሪዋ ላይ አይደለም፣ እርሾው ላይ ነው። የዛሬው ሊጥ የሚቦካው ካለፈው ሊጥ በተቀመጠ እርሾ ነው። ያም ከዚያ በፊት ካለው። የሷ ሲበላሽባት ከጎረቤት ትበደራለች፣ የጎረቤቷ ሲበላሽ ከሷ። መጀመሪያ ጎጆ ስትወጣ እርሾውን ያመጣችው ከእናቷ ቤት ነው፣ እናቷም ከእናታቸው። እንደዚህ ወደ ኋላ ሲኬድ የመጀመሪያውን እርሾ ማን ሰጠ? ማንም። እርሾ የጠፋ ቀን ዱቄቱን በውሃ ታቦኪውና ከድነሽ ትተይዋለሽ አለች። ከወትሮው ይቆያል፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ላያምር ይችላል፣ ግን ራሱ ይቦካል። ይህን ብላ ወጣች። ለማን እንደፈረደች አልተናገረችም።

ምን ተሻለ! 34ኛው ለአማኙ ወሰደው። የእርሾው መጀመሪያ ራሱ ከእርሾ አልመጣም፤ ልጁ ግን መጀመሪያውም እንደተቀሩት መሆን አለበት ብሎ አስቦ ነው ጋጋሪዋን ማን ጋገራት ያለው። 35ኛው የእህቴ ልጅ ነው። ዱቄትና ውሃ ነበሩ፣ የሚያቦኩትም ተሕዋስያን ዱቄቱ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢገኝም መጀመሪያው ተፈጥሮ ነው እንጂ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም ብሎ መለሰ። ጎበዝ አልኩት በልቤ። 36ኛው ደሴው ነው። ዱቄቱስ ተበዳሪ አይደለም ወይ፣ ወደ 28ኛው ተመለሱ። 37ኛው፣ ያ ሹሉ፣ መጀመሪያ ሽቦውን አሳዩኝ።

እኔ ለራሴ የያዝኩት ይሄን ያህል ነው። የልጁ መልስ ጋሼ በተናገሩበት መልኩ ያፈርሰዋል፣ ምክንያቱም ጋሼ ሁሉም ጋጋሪ አለው ብለው ነው የጀመሩት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በተናገረበት መልኩ ግን አይነካውም። ያኛውን ለመጣል ሌላ መልስ ያስፈልጋል፣ እሱም 30ኛው ላይ አለ፣ ማሸነፉን እንጃ።

ከ38 በኋላ ክሩ ሌላ ሆነ። አንዷ ያለ እርሾ ስንት ቀን ይፈጃል ብላ ጠየቀች። በቆላና በደጋ እንደሚለያይ ተነገራት። ከቨርጂኒያ የሚጽፍ ሰው እዚያ ክረምት ሊጡ አልቦካ ብሎት ኦቭን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቶ እንደሚያሳድረው አወራ። 41ኛው ስለ ጤፍ ዋጋ አማረረ፤ እዚህ ላይ በክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ተስማማ። የሒሳብ አስተማሪውና ደሴው 46ኛው አካባቢ ስለ አብሲት ሲጨዋወቱ አየሁ፣ እንደገና እርስዎ እየተባባሉ።

እሑድ አርባው ነው። ጋሼ ይመጣሉ፣ ልጁም እመጣለሁ ብሏል። ወንበር የምደለድለው እኔ ነኝ። አጠገብ ለአጠገብ ላስቀምጣቸው ወይስ ላራርቃቸው፣ ገና አልወሰንኩም።